የሁዳዴ ሞራ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ከበሩ ነፋስ ፈቀቅ ብላችሁ ተቀመጡ። መደቡ ለሁላችሁም ይበቃል። ጉልበቱን የሚያመው ግድግዳውን ይደገፍ፣ ሕፃን የታቀፈችም ወደ ውስጥ ትግባ። የማወራችሁ የሚያስቅ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም መሃል ላይ አፍንጫችሁን ትይዙ ይሆናል። እኔ ራሴ ባወራሁት ቁጥር አፌን መጉመጥመጥ ያሰኘኛል። ግን ደስ የሚለውን ብቻ እየመረጥኩ ባወራችሁ፣ ማር ብቻ እያበላሁ እንዳሳደግኋችሁ ነው፤ ጥርሳችሁ ይበላሻል። ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ከፍርድ ቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንድ ቆርቆሮ ክዳን ምግብ ቤት ነበር። ሰሌዳ የለውም፣ ስም አልተጻፈበትም፤ ሰው ሁሉ ግን «እመት የብርጓል ቤት» ይለዋል። ከይጁቤም ከደብረ ወርቅም ለክርክር የሚመጣ ባለጉዳይ፣ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ የፍርድ ቤቱን በር ሳይሆን የእመት የብርጓልን በር ነበር የሚጠይቀው።

ቤቱ የታወቀው በሥጋ አይደለም፤ ሥጋማ ሁሉም ቤት አለ። የታወቀው በጾም ምግቡ ነው። እመት የብርጓል ባላቸው ከሞተ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በጾም ድስት ነው ይባላል። ሸክላ ድስት የጠጣውን አይረሳም፤ ዛሬ ቅቤ ያጠጣችሁትን ድስት ነገ በምን ብታጥቡት፣ ከነገ ወዲያ ያንኑ ቅቤ ይተፋላችኋል። ስለዚህ እመት የብርጓል የፍስክና የጾም ድስቶቻቸውን አያገናኙም ነበር። የፍስኩ ድስት ወጥ ቤት ውስጥ ይውላል፤ የጾሙ ድስት፣ ጭልፋውና ማማሰያው ጓዳ ውስጥ በመደርደሪያ ላይ፣ አፋቸው በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ ይቀመጣል። የተጠራጠረ እንግዳ ካለ እጁን ይዘው አስገብተው ያሳዩታል። «አሽትተው» ይሉታል። አሽትቶ የወጣ ሰው ሁሉ ለሌላው ይናገራል። የቤቱ ስም የቆመው በዚያ ነበር።

ይህን ሁሉ ለምራታቸው ለጥላነሽ አስተማሯት። ጥላነሽ የልጃቸው የባምላኩ ሚስት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ሲስቁባትም የማይገባት፣ የማትከፋ ዓይነት ሴት። እመት የብርጓል መጀመሪያ ያስያዟት ሥራ ድስት ማጠብ ነው። በአመድና በግራዋ ታሽውና፣ ታለቀልቀውና፣ ከዚያ ባዶውን እሳት ላይ ትጥደዋለች። ንጹሕ ድስት ዝም ብሎ ይደርቃል። ተደብቆ የጠጣው ነገር ያለ እንደሆነ ግን ሲግል ያልበዋል። ጥላነሽ ይህን ሥራ እንደ ጸሎት ያዘችው። ሰው አምኖ አፉን የሚከፍትለት ቤት ውስጥ መግባቷ ያኮራት ነበር፤ ለእናቷም ስትናገር «የገባሁት ከንጹሕ ቤት ነው» ትል ነበር።

እያደር እመት የብርጓል ዓይናቸው ደከመ። ከጓዳው ወዲህ መውጣት አቃታቸው። በሁዳዴ ደግሞ ወጥ አይቀምሱም፤ የቆየ ስለት አለባቸውና በተቆላ ሽምብራና በውሃ ብቻ ነው የሚጾሙት። ወጥ ቤቱን ከባሏ ተፋትታ የመጣችው ልጃቸው ሥራነሽ ያዘችው። ባምላኩ እንግዳ ተቀባይ ሆነ።

እንግዲህ ወደዚያ ዓመት እንምጣ። በዚያ ዓመት ኑግ አልያዘም ነበር። በረዶ አበባውን አርግፎት፣ ገበያ የወጣችውም እፍኝ እፍኝ ናት። ኑግ ደግሞ ቢገኝም ሥራው አድካሚ ነው፤ መልቀም፣ ማመስ፣ መውቀጥ፣ ዘይቱን አሽቶ ማውጣት፤ ክንድ ይሰብራል። ሁዳዴ ሲገባ ጥላነሽ አራስ ነበረች። ሴት ልጅ ወልዳ፣ ክርስትና እስክታስነሣ ከመጋረጃ ኋላ ተኝታለች። አራስ አትጾምምና ገንፎዋ ከጎረቤት ይመጣላታል። ጆሮዋ ግን ከቤቱ ጋር ነው። የዚያ ሁዳዴ ድምፅ እንደ ሌላው ዓመት አልነበረም። በሌላው ዓመት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚገባው ሰው ደክሞት፣ ቀስ ብሎ በልቶ፣ «ተመስገን» ብሎ ይወጣ ነበር። ዘንድሮ ግን ሳቅ ነው፣ «ጨምሪልን» ነው፣ ግሳት ነው። ቤታችን ተባረከ ብላ ጥላነሽ ለልጇ እያንሾካሾከች ትነግራት ነበር፤ የዋህ።

ክርስትናው አልፎ መቀነቷን ታጥቃ ስትወጣ፣ ደጁ ላይ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ አገኘች። ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደረው አቶ ፈንታ፣ ያ ቀልደኛው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መጥቶ መደቡን ይዞ ይጠብቃል። መሪጌታ አካለ ወልድ፣ የቅኔው መምህር፣ ከጥግ ወንበራቸው አይታጡም። እሷም ጾሟን ጀመረች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ከዚያው ሽሮ በላች። ሽሮው ያብረቀርቃል፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ ሽታ የታጀበ፣ ምላስ ላይ የሚንሸራተት። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ዳኛ አይሆንም ልጆቼ። ጣቷን ላሰች። ሥራነሽንም «እታለም፣ እጅሽ ይባረክ፤ ይኼ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽሮ ነው» አለቻት። ሥራነሽ ሳቀችና ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች።

ሳምንት ሳይሞላ ሥራነሽ የአጎቷ ተዝካር ሆኖ ደብረ ኤልያስ ወረደች። ወጥ ቤቱ ለጥላነሽ ቀረ። ማለዳ ነው፣ ውጭው ውርጭ ነው፣ ልጇ ተኝታላታለች። አፉ በጨርቅ ያልታሰረ፣ ጥላሸት የተለጠፈበት የጾም ድስት ወጥ ቤቱ መሬት ላይ ተጥሎ አገኘችው። ትንሽ ቅር አላት። በአመድ አሸችው፣ በግራዋ አሸችው፣ አለቀለቀችው፤ እንደ ተማረችው ባዶውን ጣደችው።

ድስቱ ጋለ። መጀመሪያ ውስጡ ላይ እንደ ጤዛ ጥቃቅን ነጥብ ታየ። ውሃ ነው ብላ ጠበቀች። ውሃ ግን ይተናል እንጂ አይወፍርም። ነጥቦቹ ወፈሩ፣ ተያያዙ፣ ቢጫ ሆነው ወደ ታች መንሸራተት ጀመሩ። ከዚያ ሽታው መጣ። ሥጋ ቤት ደጃፍ፣ ዝንብ የወረረው ግንድ አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ነው የሸተታት። የቅቤ ሽታ እንኳ አይደለም፣ ቅቤ ወግ አለው። ይኼ ሞራ ነው፤ የከብት ሞራ።

የዘይቱን ጣሳ ፈለገች። ከማገዶው ኋላ፣ ማዳበሪያ ለብሶ አገኘችው። ገለጠችው። ላዩ ላይ ጠቆር ያለ የኑግ ዘይት ጣት ያህል ተኝቷል። ማማሰያ ስትሰድበት ግን ማማሰያው ቆመ። በብርዱ ሥሩ ረግቶ ነጭ ሆኗል። ዛቅ ብታደርገው የረጋ ሞራ ነው፤ ውስጡ የበሬ ፀጉር ተጣብቋል፣ አንድ ትልቅ ዝንብም ክንፏን ዘርግታ እንደ ተቀረጸች ሆና ሞታለች። ቅበላ ዕለት ከተማው ሁሉ አርዶ የጣለውን ሞራ ሰብስበው አቅልጠው፣ ኑጉን አልብሰው፣ ሁዳዴን ሙሉ ያበሉበት ኖሯል።

ጥላነሽ ወደ ጓሮ ወጣች። ጣቷን ስትልስ የዋለችበት ሳምንት ሁሉ ምላሷ ላይ ተመልሶ መጣ። አፏን በውሃ ታጠበች፣ በአመድ ፈተገችው፣ የግራዋ ቅጠል አኝካ ተፋች። ምሬቱ ሄደ፣ ሞራው አልሄደም። ወደ ቤት ስትመለስ ልጇ አለቀሰችና ጡት ልትሰጣት አቅፋት፣ ወዲያው እጇን አሽትታ መልሳ አስተኛቻት። እንደገና ታጥባ እስክትመጣ ልጅቱ ጮኸች።

ባምላኩን ጠራችው። ጣሳውን ሲያይ አልደነገጠም፤ ሽፋኑን መለሰበትና ሰው እንዳይሰማ ቀስ በይ አላት። ኑግ እንዳልተገኘ፣ ሥራነሽ ብቻዋን መውቀጥ እንዳቃታት፣ ሞራው ሜዳ ላይ ሊጣል የነበረ መሆኑን ነገራት። መጀመሪያ ጥቂት ነበር የጨመሩት፤ ሰዉ ሲወደው ጨመር አደረጉ። ይኸው ቤቱ ሞላ። የሞተ ሰው የለ፣ የታመመ የለ። ያዘነ ሰው እንኳ የለም።

«ሰው ጠገበ» አላት። «መብላት የፈለገውን በላ። አንቺ ምን አቃጠለሽ?»

«ጾማቸውን በላንባቸው» አለች ጥላነሽ። «ከዓመት ዓመት ለእግዜር የሚሰጡት እሷን ነበር። እሷን በላንባቸው።»

ባምላኩ ትከሻውን ነቀነቀ። ለሁሉም ፋሲካ ደርሷል፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሞራ ኃጢአት አይደለም ብሎ ሄደ። ሲሄድ ያን የለመደችውን ጀርባ አየችና፣ ነጠላው ላይ የወዛ የጣት አሻራ ታያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏ ሲቀርባት ያ አሻራ ነበር ቀድሞ የሚመጣባት።

ያን ቀን ወጥ በውሃና በጨው ብቻ ከፍስክ ነፃ በሆነ አዲስ ድስት ሠራች። እንግዶቹ አጉረመረሙ። አቶ ፈንታ «ጥላነሽ፣ ዛሬ ሽሮው ራሱ ጾመ እንዴ?» አላትና ቤቱን አሳቀው። ሥራነሽ መቼ እንደምትመለስ የጠየቃት ብዙ ነው።

ጥላነሽ ብቻዋን ልትሸከመው አልቻለችም። ሰዎቹ ሳያውቁ ነው የተበደሉት ብላ ታምናለች፤ ይቅርታ ካልተጠየቁ እሷም ከነልጇ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ከማን ልጀምር ብላ ስታስብ፣ የተከበሩት መሪጌታ አካለ ወልድ ታወሷት። ሥራነሽ ከተዝካር ተመልሳ ጣሳውን በያዘች ማግሥት፣ ማዕዳቸውን ጨርሰው ሲወጡ ተከትላ ባሕር ዛፉ ሥር አስቆመቻቸው። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉን። በዘይት የመሰልዎት ሞራ ነው። እኔም ያወቅሁት አሁን ነው።»

የኔታ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። የመጀመሪያ ቃላቸው «ማን ሰምቷል?» የሚል ነበር።

«ማንም፤ ለእርስዎ ነው የነገርኩ።»

«ልጄ፣ እኔ ከብት ካለው ቤት የተወለድኩ ሰው ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሞራና ዘይት አልለይም ብለሽ ነው? አልጠየቅሁም እንጂ። እናንተ የጾም ነው ብላችሁ አቀረባችሁ፣ እኔ የጾም ነው ብዬ በላሁ። ዕዳው የአቅራቢው ነው። አሁን ግን ነገርሽኝ፤ አሁን በግድ አሳወቅሽኝ። ምነው እስከ ፋሲካ ዝም ብትዪ ኖሮ?»

ይህን ሲሉ ቀና ብላ አየቻቸው። በብርዱ ከጢማቸው ጫፍ ላይ ሞራው ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ሲናገሩ ይንቀሳቀሳል። ጥላነሽ ጉልበት ለመሳም የዘረጋችውን እጇን ወደ ነጠላዋ ሰበሰበች። የኔታም ነገ ቦታዬን ያዢልኝ ብለዋት ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው ሌላ ነገር የገባት። ያ ሁሉ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ተታልሎ ባይሆንስ? ሳቁ፣ ግሳቱ፣ «ሥራነሽ መቼ ትመጣለች» ማለቱ፣ አውቆት ቢሆንስ? ሌባን ሰው ይጠየፋል፤ ሲሰረቅ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆምንስ? አሳቡ ራሱ እንደ ዝንቧ ረግቶ ልቧ ላይ ተጣበቀ።

ወደ አማቷ ገባች። ድስቱን አግላ፣ በረድ ሲል በጨርቅ ይዛ፣ ጓዳ ወስዳ ከፊታቸው አስቀመጠችው። እመት የብርጓል በደከመ ዓይናቸው ምንም አላዩም፤ ጣታቸውን ወደ ድስቱ ውስጥ ሰደዱ፣ አሻሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አመጡት። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ፣ ቆዳው እስኪቀላ ጠረጉ።

«ልጆቼ ናቸው?»

«አዎን እናቴ።»

«እንግዶቹስ ያውቃሉ?»

ጥላነሽ የየኔታን ነገር ነገረቻቸው። ሌላው ሰው ያውቅ እንደሆነ ግን እንደማታውቅ፣ ቢያውቅ የሚቆጣ ብዙ ሰው እንዳለ ተስፋ እንደምታደርግ ተናገረች። ልጇን ይዛ የትም የምትወድቅበት እንደሌላት፣ ቤቱ እንዲዘጋ እንደማትፈልግም አልደበቀችም። የብርጓል አዳመጡ።

«ነገ ሰው ሲሞላ፣ ይህን ድስት ባዶውን በፊታቸው ጣጂው» አሏት። «ያልበው። ይዩት። ከተነሡ፣ ከተቆጡ፣ ሰድበው ከወጡ፣ እግራቸው ላይ ወድቀን አዲስ ድስት ገዝተን እንጀምራለን። ካልተነሡ ግን ይህ ቤት ለማን ነው የሚከፈተው?»

ጥላነሽ ያን ሌሊት እንዲሰድቧት ስትጸልይ አደረች። እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይማቱኝ፣ ድንጋይ ይወርውሩብኝ፣ ብቻ ከማዕዱ ይነሡ፤ ይህ ነበር ልመናዋ።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር፤ ከሆሣዕና በፊት ያለው። ዘጠኝ ሰዓት ሳያልፍ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሥራነሽ ወጡን አውጥታ፣ ባምላኩ ሞሰቡን አከፋፍሎ፣ ሰው መጉረስ ሲጀምር ጥላነሽ የከሰል ምድጃውን አምጥታ ከቤቱ መካከል አኖረች። ባዶውን ድስት ጣደችበት። እመት የብርጓል በትራቸውን ተደግፈው ከጓዳ ወጥተው ነበር፤ ለስንት ጊዜ ያልወጡ ሴትዮ ስለነበሩ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ እያለ ሰላምታ ሰጣቸው። ሥራነሽ ነገሩ ገብቷት ድስቱን ልታነሣ ስትንደረደር፣ አሮጊቷ በትራቸውን በደረቷ አግድም አድርገው አስቆሟት።

ድስቱ ጋለና ማላብ ጀመረ። ነጥቡ ወፈረ፣ ተንሸራተተ፣ ከሥሩ ተሰብስቦ ፈላ። ጥቂቱ በድስቱ ጎን ሰርጎ ወጥቶ ከሰሉ ላይ ሲወድቅ ጭስ ወጣ፣ የሞራ ሽታ ቤቱን ሞላው። ጥላነሽ ይህ የጾም ድስት መሆኑን፣ ከቅበላ ጀምሮ የበሉት በዚህ እንደተሠራ፣ አሁንም ከፊታቸው ያለው ወጥ ያው መሆኑን ነገረቻቸው። «ይቅር በሉን» አለች።

የሁሉም እጅ ሞሰብ ላይ ቀረ።

ጥላነሽ ጠበቀች። አንዱ ተናጋሪ ይወጣል ብላ ከፊት ወደ ፊት ታያለች። የምታየው ግን ዓይን አልነበረም፤ ሁሉም ራሱን ወደ ሞሰቡ አቀርቅሯል፤ ጆሮውና አናቱ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ አቶ ፈንታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ድስቲቱ ከተናዘዘች የንስሐ አባት ይፈለግላት» አለ። «እኛ ምን ቤት ነን?»

አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለ። መሪጌታ አካለ ወልድ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ከፍ አደረጉ፤ በጋቢው ሥር አንድ ትልቅ ጉርሻ ሲገባ ጉንጫቸው ተነፋ። እጆች ተንቀሳቀሱ፣ እንዲያውም ፈጠኑ፤ ሞሰቡ ሳይነሣባቸው ለመድረስ። ማኘኩ ተሰማ። የወዛ ጣት ተላሰ። ከበሩ በኩል ደግሞ አንድ ሰው፣ ፊቱን እንኳ ሳያነሣ፣ «እዚህ ወጥ ጨምሩ እንጂ» አለ።

አንድ ሰው ብቻ ቆመ። ከደብረ ኤልያስ ገጠር ለርስት ክርክር የመጣ፣ አያ እንዳላማው የሚባል ገበሬ ነው፤ ያን ሳምንት ሙሉ ጥግ ይዞ የሚበላ፣ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ። አፉ ውስጥ ያለውን መዳፉ ላይ ተፋ። መዳፉን ጨብጦ ወጣ። ከጓሮ ሲያስመልሰው ይሰማል፤ ውስጥ ያሉት ድምፁን ላለመስማት ወሬ ጀመሩ። ቆይቶ በትሩን ሊወስድ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጥላነሽ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዞ አቆማት።

«ከቤቴ ስነሣ ለሚስቴ፣ ርስቱን ባልረታ እንኳ ጾሜን ይዤ እመለሳለሁ ብያት ነበር» አለ። «አሁን ምን ብዬ ልግባ፣ እህቴ?»

መልስ ሳይጠብቅ ወጥቶ በመንገዱ ሄደ።

ያን ጊዜ ጥላነሽ ወደ አማቷ ዞረች። የብርጓል በዓይናቸው ባያዩም በጆሯቸው ሁሉን ሰምተዋል፤ ራሳቸውን አንዴ ነቀነቁላት። ጥላነሽ ሄዳ ከበሩ አጠገብ ያለውን ሞሰብ አነሣች። ሰዎቹ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሁለተኛውን አነሣች። ባምላኩ አበድሽ ወይ እያለ ሲከተላት፣ እናቱ ስሙን ጠርተው እንዲቀመጥ አደረጉት። አቶ ፈንታ ጋ ስትደርስ የሞሰቡን ከንፈር ያዘባት።

«ኧረ ጥላነሽ፣ የጀመርነውን እንኳ እንጨርስ።»

«ተነሡ» አለችው። «ቤቱ ተዘግቷል።»

እየሳቁም እያጉረመረሙም ወጡ። ጥፋቱ የእሷ እስኪመስል ድረስ ገላመጧት። የኔታ ሲያልፉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከቱ ነበር፤ ጣታቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ሲጠርጉት ግን አየቻቸው። ወጥተው ሲያልቁ ጥላነሽ ድስቶቹን አንድ በአንድ ወደ ጓሮ አውጥታ በድንጋይ ሰበረች። የጣሳውን ሞራ ጉድጓድ ቆፍራ ልትቀብረው ስትል ውሾች ቀደሟት፤ ገሉን ሁሉ ላሱት። ቆማ አየቻቸው። ውሻስ ደግ ነው፣ ጾምኩ ብሎ ለማንም አልተናገረም። ሲመሽ ሦስቱን ጉልቻዎች ነቅላ ደጅ ጣለቻቸው፣ በሩንም ከውስጥ በመወርወሪያ ዘጉት።

የሆነው ይኸው ነው። ከፋሲካ በኋላ ሥራነሽ አውቶቡስ ከሚቆምበት ዘንድ የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች፤ ባምላኩም ወደ እሷ ሄዶ እንግዳ ይቀበል ጀመር። እዚያም ሞላ። እነዚያው ሰዎች ናቸው። ለቀጣዩ ሁዳዴም እዚያው ቦታ ሲይዙ ታዩ አሉ። ባምላኩ ማታ ማታ ለመተኛት ሲመጣ ጥላነሽ ከበሩ ውሃና አመድ አኑራ እጁን ሳይታጠብ ልጁን አታስታቅፈውም ነበር። እሱ ይሳደባል፣ ይታጠባል። ኑሮዋን የያዘችው ጌሾ ከገበሬ እየተቀበለች ገበያ ላይ በመቸርቸር ነው። ድካም ነበረው፣ ያጡበት ቀን ነበር፤ እመት የብርጓል ግን እስኪሞቱ ድረስ ከዚያች ምራታቸው በቀር ከማንም እጅ ውሃ አልጠጡም።

የሚገርማችሁ ግን ምን መሰላችሁ? ጥላነሽን መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «መቼ ትከፍቺዋለሽ?» ይላታል። «አዝናለሁ» ያላት ሰው የለም። «አላወቅሁም ነበር» ብሎ የዋሸ እንኳ የለም። የኔታ አንድ ቀን ገበያ ላይ አስቁመው፣ ከዚያ ቤት ወዲህ ሆዳቸው አንድም ቀን እንዳልተስማማው ነገሯት፤ እያዘኑ፣ ሆዳቸውን እያሻሹ። «እግዜር ይማርዎት የኔታ» አለቻቸውና ሳትቆም አለፈች። ጥግ ከዞረች በኋላ ምራቋን ተፋች፣ አፏንም በነጠላዋ ጠረገች። አያ እንዳላማውን ደግሞ ዳግመኛ አላየችውም። ርስቱን ይርታ አይርታ እኔም አላውቅም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጨርሻለሁ። መሽቷል፣ ወደየቤታችሁ ግቡ፣ ከመተኛታችሁ በፊትም አፋችሁን ተጉመጥመጡ። እኔ ከእናንተ ብዙ አልፈልግም። ሆዳችሁ የወደደውን ዓይናችሁ እንዳላየ ሊያልፍ ባለ ጊዜ፣ ከተሞላ ገበታ ላይ ሞሰቡን ያነሣችውን የዚያችን ሴት እጅ አስታውሱልኝ፤ እባካችሁ።